ሦስተኛው ማረፊያ ላይ የቀረው ሰው

ማሳሰቢያው ከጽሑፉ አናት ላይ በቀይ ሣጥን ውስጥ ተለጥፎ ነበር። «ለዚህ ጽሑፍ ምንጭ አልተጠቀሰም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻሻለ ይሰረዛል» ይላል። እታለም ስልኳ ላይ አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችና እንደገና አነበበችው። መነጽር ቢጠረግ ቃል አይለወጥም።

እታለም ስሟ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ አፉን ከፈታ ጀምሮ እንዲያ ይላት ስለነበር ጎረቤቱም፣ በኋላም የሥራ ባልደረቦቿ ያንኑ ተከተሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመዝገብ አያያዝ ተምራለች፤ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የካርድ ክፍል ኃላፊ ናት። የታካሚ ሁሉ ማህደር የሚቀመጥበት፣ መስኮቱ ጠባብ፣ መደርደሪያው ጣሪያ የሚነካ ክፍል ነው። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የምትደግማት አንዲት ነገር አለች። «ቦታውን የሳተ ካርድ ሰው ያስቀብራል።» ነባሮቹ ከኋላዋ ሆነው አፋቸውን እያጣመሙ አብረዋት ይሉታል። ታውቃለች።

ወንድሟ የሞተው እዚያው ሆስፒታል ነው። ካርዱን ከመደርደሪያው አውጥታ ምድር ቤት ወዳለው የተዘጉ ማህደሮች ክፍል ያወረደችው ራሷ ናት። «ተይው፣ ሌላ ሰው ያውርደው» ብለዋት ነበር። አልተወችውም። ስታወርደው ዕድሜው በአንድ ዓመት ተሳስቶ መጻፉን አየች። በደንቡ መሠረት የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰረዘች፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፈች፣ ፈረመችበት። ደረጃው ላይ ቁጭ ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የተጫናት ድካም አሁንም አብሯት አለ። ተኝታ ትነሣለች፣ አይለቃትም። ሐኪሞቹ ደም መረመሩላት፤ ደሟ ምንም የለውም።

ወንድሟ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ሰው ከሁለት ፎቅ መካከል ተሰቅሎ ሲጮህ የሚጠራው እሱ ነው። «የኔ ደንበኛ በሩ ሲከፈትለት እናቱን ያገኘ ይመስለዋል፤ ሒሳብ ሲጠየቅ ግን አያውቀኝም» ይል ነበር። መለዋወጫ እስኪመጣለት ድረስ በየሕንፃው ጣሪያ ላይ ባለችው የሞተር ክፍል ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ያነባል። «አቧራማው ሜዳ» የተባለውን ልብ ወለድ ያገኘው ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ነው። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ፣ ስለ ቤዝቦል ተጫዋቾች የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ወንድሟ ቤዝቦል ሲጫወቱ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ከሚያውቃቸው ሰዎችም ያየ አልነበረም። ያም ሆኖ ሰሚ ኖረም አልኖረም ያስረዳል። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የመታው ሰው ሦስት ማረፊያዎችን እየረገጠ ዞሮ መጀመሪያ ወደተነሣበት ቦታ ከተመለሰ አንድ ነጥብ ተቆጠረለት። ያ የተነሣበት ቦታ ቤት ይባላል።

«ታዲያ ለመመለስ ከሆነ ምን አስወጣው?» አለች እናታቸው መጀመሪያ የሰማች ቀን።

«እማዬ፣ ጨዋታው እኮ ይኸው ነው።»

«የሥራ ፈት ጨዋታ ነዋ። እኔም በልጅነቴ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ነጥብ የሚይዝልኝ አጥቼ ነው።»

በኋላ ታሞ አልጋ ላይ ሲውል ስለ መጽሐፉ በስልኩ ጻፈና በኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ አወጣው። ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም ገብቶ የሚያርምበት መዝገበ ዕውቀት ነው። በሕይወቱ ለአንባቢ ያወጣው ጽሑፍ እሱ ብቻ ነው።

እሱ ካለፈ በኋላ እናታቸው ሌላ ነገር መስማት ተወች። ዓይኗ ደክሟል፣ ሬዲዮኑ ይሰለቻታል። እታለም ከሥራ ስትገባ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «የልጄን ነገር አንብቢልኝ» ትላታለች። እታለም ከስልኳ ላይ ታነብላታለች። መሐሉን ስታነብ እናትየዋ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ታስላለች፣ ጎረቤት ስለተጣላበት ነገር ታነሣለች። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ሲደረስ ግን ጸጥ ትላለች። «አንጋፋው ተጫዋች ሦስተኛውን ማረፊያ ረግጦ ወደ ቤት ይሮጣል። ጉልበቱ ከድቶታል፣ ግን አይቆምም። ቤት ሲደርስ ጓደኞቹ ተቀብለው ከመሬት ያነሡታል» ይላል። «ያነሡታል» ላይ እናትየዋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ በኋላ ነው እራት የሚቀርበው።

እንግዲህ ይሰረዛል የተባለው ይህ ነው።

ከማሳሰቢያው ሥር የለጠፈው ሰው የብዕር ስም ነበር፤ «ደረቅ እርሳስ» ይላል። እታለም በጽሑፉ የውይይት ገጽ ላይ ጻፈችለት።

«ጤና ይስጥልኝ። የጽሑፉ ባለቤት በሕይወት የለም። እኔ እህቱ ነኝ። ላሻሽለው እፈልጋለሁ።»

መልሱ በማግስቱ መጣ። «ያጽናዎት። እዚህ ግን ጽሑፍ ባለቤት የለውም፣ የሁሉም ነው። መጽሐፉ መቼ ታተመ? ስለ እሱ ማን ምን ጻፈ? የታሪኩ ፍሬ ነገር ከየትኛው ገጽ ነው የተወሰደው? እነዚህ ያስፈልጋሉ። ደግሞም ‹እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዓለም ላይ የለም› የሚለው ይውጣ። የዓለምን መጻሕፍት ሁሉ ማን አንብቦ ጨረሰ?»

እታለም ሳትወድ ፈገግ አለች። ሰውየው ልክ ነው። በእሱ ቦታ ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው፤ ምናልባት «ያጽናዎት» ማለቱን ትረሳው ይሆናል እንጂ።

ከሥራ መልስ ጥቂት ጥቂት እያለች ማቃናት ጀመረች። የወንድሟ አጻጻፍ እንደ አነጋገሩ ነው፤ ሙገሳ ይበዛዋል። «ውብ» ወጣ። «ድንቅ» ወጣ። «አንጀት የሚበላ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። እሱ ሲለው «የሚበላ»ን በረጅሙ ይስብ ነበር። ይሁንና አንጀት ለመበላቱ ምንጭ አይጠቀስም። አወጣችው። እንዲህ እያደረገች ስትሄድ ጽሑፉ እየጸዳ መጣ፤ እየጸዳም ሲሄድ የሌላ ሰው እየመሰላት መጣ።

ገጽ ለመጥቀስ መጽሐፉን ማውጣት ነበረባት። እሱ ከሞተ ጀምሮ በመፍቻ ቦርሳው ውስጥ፣ ከሽቦ መቁረጫውና ከግራሶ ጣሳው ጋር ተቀምጦ ነበር። እስከዚያ ቀን አልነካችውም። አሁን ሥራ ነውና ነካችው። በየምሳ ሰዓቱ የካርድ ክፍሉን መስኮት ዘግታ ታነብ ጀመር። ሞተር ክፍል ውስጥ ያነበባቸው ገጾች የት የት እንደሆኑ ከጣቱ አሻራ ታውቃቸዋለች፤ ግራሶ የያዘ አውራ ጣት በየጠርዙ አለ።

መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጽሐፉ አለቀ፣ ታሪኩ ግን አላለቀም። «አንጋፋው ሦስተኛውን ማረፊያ እንደረገጠ አሠልጣኙ እጁን ከፍ አደረገና» ይልና ወረቀቱ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የደረቀ ሙጫና የተበጠሰ ክር ብቻ ነው ያለው።

እታለም አልደነገጠችም። ሌላ ቅጂ አግኝቶ ጨርሶታል ማለት ነው ብላ አሰበች። ወንድሟ አንዲት ብሎን ከተረፈችው ሊፍቱን እንደገና ፈቶ የሚገጥም ሰው ነው። ያላየውን አይጽፍም።

ቅዳሜ ዕለት ወደ ተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። የቀድሞ የክፍል ጓደኛዋ እዚያ ትሠራለች።

«የቤዝቦል ልብ ወለድ?» አለች ጓደኛዋ። «አንቺ? ኳስና ዱባ ለይተሽ የማታውቂው?»

«ሥራ ነው።»

«ካርድ ክፍል ቡድን አቋቋመ?»

«የወንድሜ ነገር ነው።»

ጓደኛዋ ቀልዷን ዋጠች። ወደ ጓዳው ገብታ ብዙ ቆየች፤ ስትመለስ መጽሐፉንና የተጠረዘ የድሮ ጋዜጣ ይዛ ነበር። «መጽሐፉን ሰው ነክቶት አያውቅም፣ ሲገለጥ ይንቋቋል። ጋዜጣው ላይ ደግሞ ያኔ የወጣ ሂስ አለ። ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ለአንቺ ሕግ ልንገርሽ ብል ለቄስ ልጅ ፊደል ማስቆጠር ይሆንብኛል።»

እታለም መጀመሪያ ሂሱን ቀዳች፣ የታተመበትን ዓመትና የአሳታሚውን ስም መዘገበች። ከዚያ የመጽሐፉን መጨረሻ ከፈተች።

አሠልጣኙ እጁን ከፍ ያደረገው «ቁም» ለማለት ነበር። አንጋፋው ቆመ። ከእሱ በኋላ ዱላ የያዘው ልጅ ኳሱን ስቶ ሦስት ጊዜ አየር መታ፤ ሦስቴ የሳተ ይወጣልና ጨዋታው በዚያው አበቃ። ተመልካቹ ወጣ፤ መብራቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። አንጋፋው ከሦስተኛው ማረፊያ አልተነሣም። በመጨረሻ ሁለት ጓደኞቹ ኮቱን ይዘውለት በጨለማው ሜዳ ላይ ሲመጡ ይታያሉ፤ መጽሐፉ የሚዘጋው እነሱ ገና ሳይደርሱ ነው።

ደግማ አነበበችው። ወደ ቤት የሮጠ ሰው የለም። ያነሡትም የሉም። ወንድሟ ሌላ ቅጂ አላገኘም፤ ከራሱ ፈጥሮ ነው የጻፈው።

በአውቶቡስ ስትመለስ መስኮቱ ላይ ጭንቅላቷን አሳረፈች። ያናደዳት መሳሳቱ አይደለም። «መጨረሻው ጎድሎብኛል» ብሎ አንዲት መስመር ቢጽፍ ምን ነበረበት? እሱ የዋሸበት ጊዜ አታውቅም። አሁን በማይጠየቅበት ሰዓት ዋሽቶ አገኘችው፤ ልትቆጣው ፈለገች፣ የሚቆጡት ሰው የለም።

ቤት ስትገባ የደረቅ እርሳስ መልእክት ጠበቃት። «ሥራዎን እየተከታተልኩ ነው፤ እጅዎ የሠለጠነ ነው። የቀረው የመጨረሻው አንቀጽ ብቻ ነው። የገጹን ቁጥር ይጻፉልኝና ማሳሰቢያውን አነሣለሁ። መጽሐፉን ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ስለዚህ በእርስዎ ቃል አምናለሁ።»

ባያምናት ይሻላት ነበር። አንድ ቁጥር ብትጽፍ ነገሩ አለቀ። ጽሑፉ ይቆያል፣ እናቷ እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ «ያነሡታል» ስትባል ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ወንድሟም ስሙ አይነካም። መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው የለም። ከጓዳ የወጣው ወደ ጓዳው ተመልሷል።

«የልጄን ነገር» አለች እናቷ ከአልጋዋ ላይ።

«ዛሬ ደክሞኛል፣ እማዬ።»

«ደክሞሽ የማያውቅ ይመስል።»

አነበበችላት። ድምፅዋ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ፈጠነ፤ እናቷ ግን እንደወትሮዋ ጸጥ አለች። እታለም ቀና ብላ የተጨፈነውን ዓይኗን አየች። ቦታውን የሳተ ካርድ እያነበበች እንደሆነ ታውቃለች።

ቀኖቹ እንዲያ እያሉ ወሩ ወደ ማለቂያው ቀረበ። ሥራ ቦታ አንዲት ፋይል ሁለት ጊዜ ያለ ቦታዋ አስገባችና ራሷ አገኘቻት። ነባሯ ሠራተኛ ገረመማት። «እታለም፣ ፈቃድ ውጪ። የአንቺ እጅ ሲሳሳት ቤቱ ሊፈርስ ነው» አለቻት። ፈቃድ ብትወጣ የት ትሄዳለች? ቤት ነው የምትሄደው። ቤት ደግሞ አንቀጹ አለ።

እሑድ ከምሳ በኋላ የእናቷን ፀጉር እያበጠረች ነበር። እንደምትነግራት አልወሰነችም፤ አፏ ቀደማት።

«እማዬ፣ ያ የመጨረሻው ነገር… መጽሐፉ ውስጥ የለም።»

«የቱ?»

«ሰውየው ወደ ቤት መሮጡ። የእሱ መጽሐፍ መጨረሻው ተገንጥሎ ነበር። ሙሉውን አገኘሁት። እንደዚያ አይልም። ከራሱ ነው የጻፈው።»

እታለም ማበጠሪያውን አቆመች።

«ከራሱ አይደለም» አለች እናቷ። «እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ምን አልሽ?»

«አንቺ ሥራ ስትሄጂ ያነብልኝ አልነበር? ምን አውቄለት፤ ድምፁን ልስማ ብዬ ነው እንጂ። አንድ ቀን አንብቦ አንብቦ ‹ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ ተበጥሷል፣ እማዬ እንግዲህ አንቺ ጨርሺው› አለኝ። እኔ ምን ልበል? ይገባል እንጂ አልኩት። ደጁ እየታየው ማን ይቆማል? ያልገባ እንደሆነ እናቱ ወጥታ ትጎትተዋለች አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ እንዴት ያመው እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ያም ሆኖ ሳቀ። ‹እናቱ ሜዳ ውስጥ መግባት አይፈቀድላትም፤ ጓደኞቹ ያንሡት› አለኝ። ያንሡት አልኩ። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ጻፈው።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ገብተሽ ታነቢያለሽ፣ ታነቢና እራት ታቀርቢያለሽ። እኔም የምሰማው ያን ቀኑን ነበር።»

እታለም ማበጠሪያውን ይዛ ቆማ ቀረች። እነዚያን ሁሉ ቀናት አንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሷ ሌላ፣ እናቷ ሌላ ሲሰሙ ኖረዋል።

«እሺ፣ የመጽሐፉ ምን ይላል?» አለች እናቷ።

«ቁም ይሉታል። ይቆማል። ጨዋታው እሱ እዚያው ቆሞ ያልቃል።»

«እዚያው ቀረ?»

«መብራት እስኪጠፋ። በኋላ ጓደኞቹ ኮቱን ይዘውለት ይመጣሉ።»

«በርዶታላ» አለች እናቷ።

ፀጉሯ ተሠርቶ አለቀ። ከዚያ እናቷ ሻሿን እያሰረች፣ «ውሸት ነው ብለው እንዲጥሉበት አልፈልግም» አለች። «የኔን ቃል በልጄ ስም ተይው አልልሽም። መጽሐፉ የሚለውን ጻፊ። ግን የኔንም አትጣይብኝ።»

«እንዴት አድርጌ፣ እማዬ? ወይ አንዱ ወይ ሌላው ነው።»

«የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

እታለም ያን ከሰዓት አንቀጹን አወጣችና አዲሱን ጻፈች። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ምንም አላሳመረችም። የገጹን ቁጥር ጠቀሰች፣ ሂሱን ጠቀሰች፣ ላከችው። የወንድሟ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከስክሪኑ ላይ ሲጠፋ የጠበቀችው ልቅሶ አልመጣም። የመጣው እንቅልፍ ነው፤ ወንበሩ ላይ እንዳለች ሸለብ አደረጋት።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ስልኳን ስትከፍት ቀይ ሣጥኑ የለም። ደረቅ እርሳስ ጽፎ ነበር።

«አነሣሁት። ከቀድሞው ይልቅ ያሳዝናል፣ ግን ከምንጩ ጋር ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ለምን እንዲያ ጻፈ?»

«የመጽሐፉ መጨረሻ ተገንጥሎበት ነበር» ብላ መለሰች። ጥቂት አሰበችና ጨመረች። «እናታችን ጨረሰችለት።»

እንዲህ የሚል መልስ መጣ። «ለእናትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የታረመ ነገር እዚህ አይጠፋም። ከጽሑፉ ራስ ላይ ‹የቀድሞ ቅጂዎች› የሚለውን ይጫኑ፤ ወንድምዎ የጻፉት ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር እንዳለ ተቀምጧል። ጽሑፉ ቢሰረዝ ኖሮ እሱም አብሮ ይሄድ ነበር። አሁን ጽሑፉ እስካለ ይኖራል።»

እታለም ተጫነችው። እንዳለ ነበር። «ውብ» አለ፣ «ድንቅ» አለ፣ «አንጀት የሚበላ» አለ፤ ሰውየውም ይሮጣል። የጻፈበት ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት እሷ እዚሁ መደርደሪያ ሥር ቆማ የሌላ ሰው ካርድ ስትፈልግ ነበር። መስኮቱ ላይ የተሰለፉት ሰዎች መስታወቱን እስኪያንኳኩ ድረስ አላየቻቸውም።

ማታ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ከእናቷ አልጋ ጫፍ ተቀመጠች። ሁለቱም እንዳሉ ነገረቻት፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሥር። የሰውየውንም ሰላምታ አደረሰች።

«ደህና ሰው ነው» አለች እናቷ። «አግብቷል?»

«እማዬ።»

«ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ።»

«የቱን ላንብብልሽ?»

እናቷ ትራሷን ደገፍ አድርጋ ትንሽ አሰበች።

«የመጽሐፉን አስቀድሚ» አለች። «የኛ የት ይሄዳል።»